ጨው ትታችኋል? በርበሬያችሁስ?

«ዶክተር፣ ጨው ከተውኩ ቆየሁ፤ ግፊቴ ግን አልወርድ አለ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እስቲ በርበሬያችሁን ጠይቁት! በብዙ ቤት ከኮረሪማው፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ጨውም አብሮ ይፈጫል። ወጡ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነው። በርበሬው ውስጥ የገባውን ማን ቆጠረው?

«ጨው ከሌለው ይበላሻል» አትበሉኝ። በርበሬን የሚያሻግተው እርጥበት ነው። በደንብ አድርቁት፣ አምሱት፣ በደረቅ ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡት። ጨው ወጡ ላይ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ፤ አንዴ ከተፈጨ በኋላ መልቀም አይቻልም!

መድኃኒታችሁን ግን እንዳታቋርጡ። የዓመቱን በርበሬ ለሚያዘጋጁልን እናቶች ወፍጮ ቤት ሳይሄዱ ሼር አድርጉላቸው።