«የት ደረስክ?»

በሬዲዮ የምንሰማው የመኪና አደጋ ዜና ቅርጹ ከተበጀ ቆይቷል። የሟቾች ቁጥር ይቀድማል፤ የመኪናው ዓይነትና የተነሳበት ከተማ ይከተላል፤ መንስኤው ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር ወይም የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት መሆኑን አንድ ኃላፊ ይነግረናል፤ በመጨረሻም አሽከርካሪዎች ለሰው ሕይወት ቅድሚያ እንዲሰጡ ምክር ይለገሳል። ሹፌሩ ከየት እንደተነሳ ሰማን። መቼ እንደተነሳ፣ ከተነሳ ወዲህ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ በምን ስሌት እንደሚከፈለው የሚጠይቅ ግን የለም።

የከባድ መኪና አደጋ የሹፌር ሥነ ምግባር ችግር ነው የሚለው አስተሳሰብ እንደ ሕግ ጸንቶብናል። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» እያልን ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ መኪናው አሸባሪ ከተባለ ነጂው ምን እንደሚባል ግልጽ ነው። ስልጠናው፣ ዘመቻው፣ ቅጣቱ፣ የጥፋት ነጥቡ፣ የፍጥነት መገደቢያው ሁሉ መሪ የጨበጠውን ሰው ብቻ ያያል። እኔ ግን ፍጥነቱንም እንቅልፍ ማጣቱንም የሚያመርተው አከፋፈሉ ነው እላለሁ። አከፋፈሉን ሳንነካ ጠባይ እናርም ብንል ገንዘባችንንም ምክራችንንም በከንቱ እናፈሳለን።

የጅቡቲን መስመር እንውሰድ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ አሰብ ከቀረብን ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና የወጪ ንግዳችን የሚያልፈው በዚያ ነው። በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ በጋላፊ የሚወጣው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባቡሩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አብዛኛው ጭነት ግን ዛሬም በጎማ ነው የሚጓዘው። ካርታ ለሚያይ ሰው የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ሹፌሩ ግን ሲሄድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው፤ የምናስገባው ከምናስወጣው እጅግ ይበልጣልና። ጅቡቲ ሲደርስ ወረፋ ይይዛል። ሰነድ አልመጣም ይባላል፤ ጫኝ ይጠበቃል፤ ቀን በቀን ላይ ይደረባል። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካቢና ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይጋደማል። ያ እረፍት ከተባለ እረፍት ነው። ጭኖ ሲመለስ ጋላፊ ሰልፍ አለ፤ ሚሌ ጉምሩክ አለ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶም የማራገፊያ ተራ ይጠብቀዋል። በየመስመሩ ደግሞ ገመድ ዘርግቶ ገንዘብ የሚቀበለውን ኬላ አትርሱ። በአንዳንዱ አካባቢ ከገመዱ ወዲያ ያለው ጠመንጃ ነው፤ ታግተው የቀሩ፣ ተገድለው መኪናቸው የተቃጠለ ሹፌሮች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናው ቆሟል። የቆመ መኪና ለሹፌሩ ምንም አያመጣም። የብዙ የግል መኪና ሹፌር የወር ደመወዝ ስሙ ነው ደመወዝ፤ ቤቱን የሚያቆመው በምልልስ የሚታሰበው አበል ነው። አንድ ምልልስ ከወሩ ከጎደለ የቤት ኪራዩ ወይም የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ይጎድላል። ወረፋ የበላበትን ቀን የሚያስመልስበት ቦታ ደግሞ መንገዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ይነዳል፤ ሜዳ ሲያገኝ ይረግጣል። ወደብ ላይ የጠፋው ጊዜ አዋሽ ሜዳ ላይ ይወራረዳል።

ስልኩ ይጮኻል።

«የት ደረስክ?»

«ሚሌ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እስካሁን?»

ይህች «እስካሁን?» የትኛው የአደጋ ሪፖርት ላይ ትጻፋለች? ባለንብረቱ «ፍጠን» አላለም፤ እንዲያውም ስልኩን ሲዘጋ «ቀስ ብለህ ንዳ» ይላል። ፍጠን የሚለውን ክፍያው ይልለታል።

ስለ ሹፌር ተወርቶ ጫት ሳይነሳ አይታለፍም፤ እናንሳው። የሚቅም ሹፌር ብዙ ነው፤ ምርቃናና መሪ እንደማይስማሙም የታወቀ ነው። ግን ገዋኔ ላይ መሽቶበት እስከ ንጋት ሊነዳ የቆረጠ ሰው ጫት የሚይዘው ዓይኑን እንዲያቆምለት ነው። የጫትን ጉዳት የሚያስተምረው ባለሙያ ንግግሩን ጨርሶ ሲወርድ ያ ሌሊት እዚያው ተገትሮ ይጠብቀዋል።

ማርሽ ነፃ አድርጎ ቁልቁለት መልቀቅም እንዲሁ ነው። ዓባይ በረሃን ሲወርድ ሞተር ያልያዘው ተሳቢ፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ካለ ወዴት እንደሚሄድ ከሹፌሩ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምን ያደርገዋል ታዲያ? ናፍጣው ተለክቶ ከተሰጠውና የተረፈችው የእሱ ከሆነች እያንዳንዱ ቁልቁለት ገንዘብ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለንብረት ደመወዙን ትንሽ አድርጎ ይተወዋል፤ ቀሪውን ከሰልባትዮው ያገኘዋል ብሎ ነው። ኋላ ፍሬን እምቢ ሲል ግን ጥፋቱ የሹፌሩ «ግዴለሽነት» ይሆናል።

የፍጥነት መገደቢያውም መልካም ነገር ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን በምልልስ የሚከፈለውን ሰው ፍጥነቱን ብቻ ብትገድበው የጎደለውን ሰዓት ከእንቅልፉ ላይ ይወስደዋል። በፍጥነት የሚሮጥ ንቁ ሹፌርና በዝግታ የሚነዳ ያንቀላፋ ሹፌር በፊታችሁ ቢመጡ የትኛውን ትመርጣላችሁ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው፤ አስመጪውን፣ ወደቡንና ባለንብረቱን መንካት ስለሚከብድ ዱላው የሚያርፈው አቅም በሌለው ላይ ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ወረፋ ላይ የዋለበትን ሰዓት ሥራ ነው ብሎ የሚቆጥርለት አሠሪ ግን እኔ አላየሁም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የአሽከርካሪዎች ሰዓት ደንብ መንዳትን በመደበኛ ቀን በ9 ሰዓት ወስኖ አልቆመም፤ ለሹፌር በተጓዘው ርቀት ወይም በጫነው መጠን የሚሰጥ ክፍያ የመንገድ ደኅንነትን የሚጎዳ ከሆነ ክልክል ነው ብሏል። ኅሊናውን ከመስበክ ኪሱን መፈተሽ ቀደመ ማለት ነው።

አሜሪካ ደግሞ ትሬለር የሚነዱ ወገኖቻችን በርካታ ናቸው። እዚያ ሹፌር 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ 10 ሰዓት ያርፋል፤ የሚቆጥረውም መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ነው። ውቅያኖስ ሲሻገር ጠባዩ የታደሰ የለም። አገሪቱም ለሹፌር ገነት አይደለችም፤ ብዙዎቹ በማይል ይከፈላቸዋል፣ መጋዘን በር ላይ መገተሩም ያማርራቸዋል። ቢሆንም ጄ.ቢ. ሀንት የሚባለው ትልቅ የጭነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የሹፌሮቹን ክፍያ ከሲሶ በላይ ከፍ ሲያደርግ አደጋው በግማሽ ገደማ መቀነሱን ያጠኑ ምሁራን አሉ። እንግዲህ ብር ያደረገውን ስብከት መቼ አደረገው?

ሰክሮ የሚነዳ፣ ለእልህ የሚቀድም፣ ለሰው ግድ የሌለው ሹፌር የለም አላልኩም። አለ፤ ይቀጣ። ልጁን በተሳቢ የተነጠቀ ወላጅ ፊት ቆሜ ስለ አበል ስሌት ላወራም አልችልም። ግን ያንን ወላጅ የሚያከብር መንግሥት የሚቀጥለውን ልጅ ለማትረፍ ያስባል፤ ለዚያ ደግሞ እስር ቤቱ ብቻውን አይበቃም።

አከፋፈሉ ይለወጥ ስንል «ጭነት ይወደዳል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አስመጪዎች ግን የጊዜን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቁታል። ባዶ ኮንቴይነር በቀን ገደቡ ጅቡቲ ካልተመለሰ ለመርከብ ድርጅቱ በየቀኑ እየታሰበ ይከፈላል፤ ያውም በዶላር። የብረት ሣጥኑ ለዋለበት ቀን ዋጋ ወጥቶለታል። ሣጥኑን ተሸክሞ የቆመው ሰው ቀን ግን በነፃ ነው፤ በነፃ ስለሆነም ወደቡም፣ ጉምሩኩም፣ መኪናውን እንደ መጋዘን የሚገለገልበት ነጋዴም ለማሳጠር አይቸኩሉም። ሹፌሩ የቆመበት ቀን ውሉ ላይ በብር ይጻፍ፤ ያስቆመው ወገን ይክፈል። ወረፋው ምን ያህል ሊያጥር እንደሚችል ያን ጊዜ እንነጋገራለን።