ጊዜው ያለፈበት ጥቁር መዝገብ ስንቱን ያስቀጣል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንጀምር። ኢንተርኔት ላይ እንደ ቤት ቁጥር የሚያገለግለው የአይ ፒ አድራሻ ነው። በአሮጌው አሠራር የዓለም ቁጥር በሙሉ ቢደመር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቢሆን ነው። ቀድሞ ከዚህ ውስጥ ብዙው ለማንም ሳይታደል ተቀምጦ ነበር። አጥቂዎችም ከዚያ ባዶ ቁጥር የመጡ እያስመሰሉ ሰው ያውኩ ነበር። የኔትወርክ ኃላፊዎች ታዲያ "ካልታደለ ቁጥር የመጣ አይግባ" ብለው ዝርዝሩን ራውተራቸው ላይ ጻፉ። ደግ አደረጉ!

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2002 በ69 የሚጀምሩት ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች የሰሜን አሜሪካን ቁጥር ለሚያድለው ለአሪን ተሰጡ። ደንበኞች ከፍለው ያዟቸው። ግን ስንቱ ድረ ገጽ አልከፈት አላቸው! ለምን ቢባል፣ በረኛው የያዘው ወረቀት አሮጌ ነዋ! "አትገባም" እንኳ አይልም፤ ዝም ነው። ደንበኛው የራሱን ኮምፒዩተር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል።

በኤፕሪል 2005 ደግሞ በ41 የሚጀምሩት ለአፍሪካው አዳይ ለአፍሪኒክ ተሰጡ። እንግዲህ አስቡት! የ2004ን ዝርዝር ያልቀየረ የአውሮፓ ባንክ በአንድ መስመር ሚሊዮን አፍሪካዊ ላይ በር ይዘጋል ማለት ነው። ከሳሽም ዳኛም ሳይኖር!

"ክፋት የለባቸውም፣ ረስተውት ነው" የሚሉ አሉ። ይሁን። በር ለተዘጋበት ሰው ግን መርሳትና ክፋት ምን ይለያቸዋል? አቤት የሚባልበትስ የት ነው? ዝርዝሩን የጻፈው ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ለቆ ሄዶ፣ ክልከላው ብቻ ሥራ ላይ ይገኛል።

ጣጣው ዛሬም አላለቀም። በፌብሩዋሪ 2011 የዓለሙ ማዕከል ጎተራ ባዶ ከሆነ ወዲህ አድራሻ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ነው። የቀድሞው ባለቤት ቆሻሻ ኢ-ሜይል ሲረጭ ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከሆነ፣ አዲሱ ገዢ ቁጥሩን ከነዕዳው ይረከባል። የሚጽፈው ደብዳቤ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ይጣልበታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸ ነው!

እኔ የምለው አጭር ነው። ክልከላ የሚጽፍ ሰው ክልከላው የሚያበቃበትንም ቀን ይጻፍ። አቤቱታ የሚሰማ ሰው ያስቀምጥ። በየጊዜው የሚታደስ ዝርዝር በነፃ እየቀረበ አሮጌውን ታቅፎ መቀመጥ ስንፍና እንጂ ጥበቃ አይባልም። ሌባውማ ቁጥሩን ቀይሮ ከሄደ ቆይቷል!