ዜሮም ይናገራል

የቤታቸውን ገቢና ወጪ በኮምፒዩተር የሚመዘግቡ ሰዎች የሀብትና የዕዳ መግለጫ ባወጡ ቊጥር፣ ከስማቸው ትይዩ ዜሮ ብቻ የተጻፈባቸው ሒሳቦች ተደርድረው ያገኛሉ። ብዙዎቹም ይህን እንደ ገለባ ቈጥረው ጠርጎ የሚጥልላቸውን ቊልፍ ይፈልጋሉ። አንባቢ ሆይ፤ ቊልፉን አመለክትዎታለሁ። ነገር ግን ገለባው ከመጣሉ በፊት ፍሬ እንዳይኖርበት ማበጠር ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ግኑካሽ የተባለውን በነጻ የሚገኝ የሒሳብ ፕሮግራም እንውሰድ። የሚሠራው፣ ኢጣሊያዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ በታተመው መጽሐፉ ባብራራው የሁለት ወገን አመዘጋገብ ነው። በዚህ ሥርዓት ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል እንጂ እንዲሁ አይጠፋም። ስለዚህ ዜሮ ማለት ወይ የገባውና የወጣው እኩል ሆኗል፣ አለዚያም የገባም የወጣም የለም ማለት ነው። ምክንያቱም አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር የደረደረው፣ እርስዎ ግን ከቶ ያልተጠቀሙበት ሒሳብ ነው። ሁለተኛው፣ ተከፍሎ እንዳለቀ ብድር ሥራውን የፈጸመ ሒሳብ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጉዳት የላቸውም።

ሦስተኛው ከቀን የሚመጣ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቈጣጠር ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቈጣጠር የጻፈ ሰው ወጪው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድበታል። የዘንድሮውንም የገቢና የወጪ መግለጫ ሲያወጣ ዜሮ ያያል።

አራተኛውና አደገኛው፣ ስሕተትን የሚሸፍን ዜሮ ነው። አሥር ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር የሚጥሉበት ዕቊብ አለ እንበል። አንዱ አባል በሦስተኛው ወር ዕጣው ወጣለትና 10,000 ብር ተቀበለ። ከዚያው ላይ 3,000 ብር ለዕቃ ከፍሎ ቤት ገባና የደረሰኝ ብሎ 7,000 ብር ብቻ መዘገበ። ሰባት ወር ሙሉ ሲጥል ቈይቶ መግለጫውን ቢያወጣ የዕቊቡ ሒሳብ ዜሮ ይላል። እውነቱ ግን ገና የሦስት ወር መዋጮ፣ ማለት 3,000 ብር ዕዳ አለበት። ዜሮ እንዳይታይ አስቀድሞ አዝዞ ቢሆን፣ ዕዳው ብቻ ሳይሆን የዕቊቡ ስም ራሱ ከመግለጫው ይጠፋበታል። ዓይኑ ቢያየው ግን «ዕቊቡ ሳያልቅ እንዴት ዜሮ ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እንግዲህ ምክንያቱን ለይተው ካወቁ በኋላ ቊልፉ ይህ ነው። በሀብትና የዕዳ መግለጫው ላይ ኦፕሽንስ የሚለውን ከፍተው ዲስፕሌይ ወደሚለው ይሂዱ። በዚያም ድምራቸው ዜሮ የሆነ ሒሳቦች እንዲካተቱ የሚያዘውን ትንሽ ሳጥን ምልክቱን ያንሡ። በሒሳቦቹ ዝርዝር ገጽ ላይ ደግሞ ቪው፣ ቀጥሎ ፊልተር ባይ፣ ቀጥሎም አዘር በሚለው ውስጥ ተመሳሳይ ሳጥን አለ። ሥራውን የፈጸመ አንድ ሒሳብ ብቻ ለመሸሸግ ከፈለጉ፣ የሒሳቡን ማረሚያ ከፍተው ሂድን በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ።

ሒሳቡን ፈጽሞ መሰረዝ ግን አይበጅም። ያለቀውን ብድር ከነምዝገባው ቢሰርዙት፣ ክፍያው የወጣበት የባንክ ሒሳብዎም አብሮ ይዛባል። ምዝገባው ሁለት ወገን ነውና አንዱን ነቅሎ ሌላውን በደኅና ማቈየት አይቻልም።

ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ የተሸሸገውን ሁሉ ገልጠው እያንዳንዱን ዜሮ ስለ ምን ዜሮ እንደ ሆነ ይጠይቁት። ምክንያቱን የሚያውቁትን መልሰው ይሸሽጉ፤ የማያውቁትን ግን እስኪያውቁት ድረስ ከፊትዎ አያርቁት።