ካሲዮን ማን ጠየቀው?

ወገን፣ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል? ያነባል። እኔም ሰሞኑን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እንደገና ያዝኩት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን። ካምፓስ እያለሁ የቅናት ታሪክ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን ዓይኔ ኢያጎ ላይ ቀረ።

ኢያጎ በምን ተከፋ? በሥራ። ጦር ሜዳ የዋለው እሱ፣ የኦቴሎ ምክትልነት የተሰጠው ግን ጦርነትን ከወረቀት ለሚያውቀው ለካሲዮ። ዕድገት በደብዳቤና በትውውቅ ሆኗል እያለ ያማርራል። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ጋ ከኢያጎ ጎን ቆሜ ነበር። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስንቴ ቆመናል! ግን እዚያው ንግግሩ ውስጥ እሱ ራሱ ሦስት የከተማ ትልልቅ ሰዎችን አማላጅ ልኮ እንደነበር ይነግረናል። የተናደደው በአማላጅ ስለተሠራ ሳይሆን የእሱ አማላጅ ስላልሠራለት ነው። ይቺን ያዟት።

ከዚያ ቂሙን ይዞ ኦቴሎ ጆሮ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ብዙም አይዋሽም። ያመነታል፣ ነገር ጀምሮ ያቋርጣል። ኮሜንት ላይ «እኔ ምንም አላልኩም፣ ብቻ...» የሚለውን ሰው ታውቁት የለ? እሱ ነው።

ማስረጃው አንዲት መሐረብ ናት። ሚስቱ ኤሚሊያ ከወደቀችበት ያነሳችውን የዴስዴሞናን መሐረብ ተቀብሎ ካሲዮ ክፍል ጣላት። ቀጥሎ ኦቴሎን ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ ካሲዮን ስለ ሌላ ሴት፣ ስለ ቢያንካ እያስወራ ያስቀዋል። ኦቴሎ ሳቁን ያያል፣ ወሬውን ግን አይሰማም። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ በሉት፣ መግለጫውን የጻፈበት ደግሞ ኢያጎ።

በዚህ ተነስቶ ሚስቱን አልጋዋ ላይ ገደላት። ኤሚሊያ «ንጹሕ ናት» ብላ ምላለት ነበር፣ አላመናትም። ዴስዴሞና ራሷ ካሲዮን አስጠራውና እውነቱን ይናገር ብላ ለምናዋለች፤ እሱ ግን ካሲዮ ተገድሏል ብሎ አምኗል። ካሲዮ ቆስሎ እንጂ አልሞተም ነበር። መጨረሻ ላይ መሐረቧ ከየት መጣች ሲባል፣ ክፍሌ ውስጥ አገኘኋት አለ። በቃ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ሴትዮዋ ግን ሞታለች።

እኛም የከፋን ልጆች ነን፤ መከፋታችን ውሸት አይደለም። ትናንት ማታ አንድ ስክሪንሹት ተላከልኝ፣ «ከሃዲውን እወቁት» ይላል፣ ስምና ፎቶ አለበት። ጣቴ ሼር ላይ ደርሶ ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው የተማርነው። ስልኩም አለኝ።

ደወልኩለት።