ይግባኙ ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም?

በቦምቤም ሆነ በሶዶ በምታመልኩበት ጉባኤ ልጁ ወይም ወንድሙ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደበት ሰው አይጠፋም። “ተያዘ” የሚል ስልክ ሲደወል እንጸልያለን፥ ገንዘብም እናዋጣለን። መልካም ነው። ግን ሕጉ ምን ይላል?

በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ አንቀጽ 2፥ ሌላ ማንኛውም ሕግ ቢኖርም ማንም ሰው ወደሚሳደድበት ወይም ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር አይመለስም ይላል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ደግሞ ያለ ፈቃድ የገባን ሰው ማሰርና ማባረር ይፈቅዳል። የትኛው ይቅደም? የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2018 በሩታ ጉዳይ “ሌላ ሕግ ቢኖርም” ማለት ያው ነው፤ ዘግይቶ ያመለከተ እንኳ ሳይሰማ አይባረርም ሲል ወሰነ።

ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ሕጉ ተሻሻለ። ያለ ፈቃድ የገባ ሰው በቂ ምክንያት እንዲያሳይ ተገደደ። ታዲያ የሩታ ውሳኔ ቀረ ማለት ነው? ጥያቄውን እስከዚያው ፍርድ ቤት ያደረሱት ኢትዮጵያውያን ናቸው። በ2021 መጨረሻ በአቦሬ ጉዳይ “አልቀረም” ተባለ። በሰኔ 2023 በአሼቦ ጉዳይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ለየው፤ አመልካቹ ጉዳዩ እስኪወሰን አይባረርም፥ ምክንያቱንም እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ ነገር ግን “ጥገኝነት ልጠይቅ ነው” ማለቱ ብቻ ከእስር አያስፈታውም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይግባኙ የሰጠው የመሰማት መብት ነው እንጂ የመኖር ፈቃድ አይደለም። ሥራ ማጣት፥ ምንም ቢያስጨንቅ፥ ብቻውን ስደተኛ አያሰኝም። ዳኞች የሕጉን ቃል ይተረጉማሉ እንጂ ለአመልካቹ ታሪክ አይፈጥሩለትም።

በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ይመጣል። “በእምነቱ ተሳደደ ብላችሁ ጻፉለት” ስትባሉ፥ እውነት ከሆነ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ካልሆነ ግን አትጻፉ፤ አንድ የሐሰት ደብዳቤ በእውነት የተሳደደውን ወንድም ያስጠረጥራል። እዚያ ላሉትም ሳትያዙ በፊት አመልክቱ በሏቸው፤ መዘግየት በሩን ባይዘጋም የእስር ቤት ወራት ያስከፍላል።

ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ባለ ጊዜ (ሐዋ. 25) ሕግ በሰጠው መብት ተጠቀመ፤ የተናገረው ግን እውነቱን ነው። እኛም ለወገኖቻችን ሁለቱንም እንያዝላቸው።