ፋሻም እንደ ጥይት ይቆጠር

የወታደር ትጥቅ ሲመረመር ጥይቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ፋሻውን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ጥናት፣ ከ2001 እስከ 2011 በውጊያ የሞቱ 4,596 ወታደሮችን መርምሯል። ሕክምና ጣቢያ ሳይደርሱ ካለፉት መካከል ሊድኑ ይችሉ ከነበሩት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል የገደላቸው የደም መፍሰስ ነበር።

ለዚህ ከተገኙት መከላከያዎች አንዱ ጨርቅ ነው። ይኸውም ድርና ማግ የሌለው፣ ጭረቱ ሳይፈተልና ሳይሸመን ተነጥፎ በመርፌ ወይም በኃይለኛ የውሃ ግፊት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው። ደም በብዛት ይጠጣል፤ ቁስል ውስጥ የሚተወውም ብናኝ ጥቂት ነው። የአሜሪካ ጦር በ2008 የመረጠው ዓይነት ከሬዮንና ከፖሊስተር ተሠርቶ፣ ካኦሊን የተባለ የተጣራ ነጭ ሸክላ የተቀባ ሲሆን፣ ሸክላው የደምን መርጋት ያፋጥናል። ቀደም ሲል በቁስል ላይ ይነሰነስ የነበረው ደቃቅ ማዕድን ግን ሙቀት እየፈጠረ ሥጋ እስከ ማቃጠል ደርሶ ነበር።

ይሁን እንጂ ጨርቅ ያለ እጅ አያድንም። እስከ ቁስሉ ጥልቀት ተጠቅጥቆ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ በኃይል መጫን አለበት። ጥሬ አፈር በቁስል ላይ ማድረግ ከቶ አይገባም፤ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላልና።

ስለዚህ አዛዦች ፋሻን ከጥይት ጋር ይቁጠሩ፤ ሹፌሮችና የከተማው ነዋሪዎችም አጠቃቀሙን ይማሩ። ጥጥ አምራች የሆነችው አገራችንም ይህን ጨርቅ ለመሥራት ትነሣ። የሚፈስ ደም ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም።