ቻናሉ ቢጠፋ ተራዊህ አይጥፋ

ረመዳን ሲገባ በተፍኪ ከየቤቱ የሚሰማ አቤቱታ አለ፤ «የመካው ቻናል ጠፋ» የሚል። ዲሻችሁ ወደ ኢትዮሳት ከዞረ ሪሲቨሩን ሌሊቱን ሙሉ ሰርች ብታደርጉም አይመጣም። የሐረምን ሰላት የሚያሳየው የሳዑዲ የቁርኣን ቻናል ያለው በዓረብሳትና በናይልሳት ነው። ኢትዮሳት በምሥራቅ፣ ሁለቱ በምዕራብ በኩል ስለሆኑ ሌላ ዲሽ ያስፈልጋል።

አቅም ያለው መስጂድ መሄድ ላቃታቸው ወላጆቹ ያስተክል፤ አጅር አለው። የሌለው ግን ለዚህ ብሎ አይበደር። ብዙኃኑ ዑለማዎች እንደሚሉት የቴሌቪዥኑን ኢማም ተከትሎ መስገድ አይበቃም። ተራዊህ በሰፈር መስጂድ፣ ያልቻለም በቤቱ ከልጆቹ ጋር ይሰገዳል። ለኢፍጣርም የመካን አዛን አትጠብቁ፤ የምናፈጥረው በራሳችን አገር ፀሐይ መጥለቂያ ነው። ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ ለእናቱ የሚቀራላት ቁርኣን ከየትኛውም ቻናል ይቀርባታል።